የአርእስት አሥራ ሰባት ኅዳግ

ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ቀን ነው። ባቡሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ለገሃር አወረደኝ፤ በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምሁ። ጣልያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ አብረውኝ የሠሩት ሰዎች ልጆች በሕይወት አሉ። ሥራው ምን እንደነበር ግን ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ዋና ጸሐፊውን ሁሉም በማዕረጋቸው ባላምባራስ ይሏቸው ነበር። ቀጭን፣ ንጹሕ ልብስ የሚለብሱ፣ ወረቀት ሲይዙ በሁለት ጣት ብቻ የሚይዙ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ሳያዩኝ አንድ ገጽ ዘረጉልኝና «አንብብ» አሉኝ።

እኔ በሰሜን ሸዋ ከአንድ ደብር ንባብና ዜማ፣ ኋላም ቅኔ ተምሬ በብራና ላይ መጽሐፍ እየገለበጥሁ የኖርሁ ቁም ጸሐፊ ነበርሁ። ከዚያ በፊት የዓለም ወረቀት በሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። ስለዚህ እንደ ለመድሁት አነበብሁ፤ ተነሹን አንሥቼ፣ ወዳቂውን ጥዬ፣ ከነጥቡ ላይ ዐርፌ። «ለመብራት ዘይት» የሚለውን መስመር በውዳሴ ማርያም ንባብ ጨረስሁት።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው አስተርጓሚ ሣቁን መያዝ አቃተው። ስሙ አብዲ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ዐረብኛ የሚናገር፣ በአራቱም የሚቀልድ ሰው።

«አቦ መሪጌታ፣ ሰላቱን ጨርስና ወደ ብሩ ግባ» አለኝ።

ባላምባራስ አልሣቁም። «ድምፁ ይሰማል፤ ቁጥርም አይዘልም። ይበቃል» ብለው የቅጥር ወረቀቴን ፈረሙ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከተማው የምክር ጉባኤ ነበረው። አባላቱ ከየሰፈሩ የተመረጡ ነጋዴዎችና ሽማግሌዎች ናቸው። በየዓመቱ በሰኔ ወር የሚቀጥለው ዓመት በጀት ረቂቅ በፊታቸው በመስመር በመስመር ተነብቦ ካልተፈቀደ ገንዘብ አይወጣም። ከአባላቱ መካከል አማርኛ አቀላጥፈው የሚያነብቡት ሦስት ብቻ ነበሩ። የቀሩት በየሱቃቸው በሌላ ፊደል መዝገብ የሚይዙ፣ ሒሳብ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ፣ የእኛን ወረቀት ግን ሊያነብቡ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። እኔ አነባለሁ፤ አብዲ ይተረጉማል፤ እነርሱ ይጠይቃሉ፤ ባላምባራስ ይመልሳሉ። ማዕረጌ «የጉባኤው አንባቢ» ይባል ነበር።

መሣሪያዬም ጥቂት ነው። የመቃ ብርዕ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ ማስመሪያ፣ ወረቀቱ ላቤን እንዳይጠጣ ከክንዴ በታች የማነጥፈው ጨርቅ። በድሬዳዋ ሙቀት ያለ ጨርቅ የጻፈ ሰው የቀኑን ሥራ ክንዱ ላይ ለጥፎት ይሄዳል።

የበጀት ንባብ ከመጽሐፍ ትርጓሜ ብዙ እንደማይርቅ የተረዳሁት በሁለተኛው ሰኔ ነው። «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አነብባለሁ፤ አብዲም «ልዩ ልዩ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ማንም ምንም አይገባውም። እኔ ደግሞ ያደግሁት ንባቡ ከተነበበ በኋላ «አንድም» እየተባለ ምሥጢሩ በሚዘረዘርበት ጉባኤ ነው። ስለዚህ መስመሩን ካነበብሁ በኋላ «ይህም ማለት የእንግዳ መኪና ቤንዚን ነው፤ አንድም ያለቀ ወንበር ማስጠገኛ ነው» እያልሁ ከዶሴው ያገኘሁትን መናገር ጀመርሁ። አባላቱ ወደዱት። ባላምባራስ አልወደዱትም፤ ነገር ግን አልከለከሉኝም።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ ጠያቂው ሐጂ ኡመር ነበር። በመጋላ፣ በደቻቱ ወንዝ ዳር፣ የእህል መደብር አለው፤ ከመደብሩ ጀርባ ካለው ቤት ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖራል። እኔ ሐጂን «እርስዎ» ማለት ጀምሬ ነበር። «አንድ ሰው ነኝ፤ ስንት አደረግከኝ?» ብሎ አስተወኝ። በዚያ ከተማ «አንተ» ማለት ንቀት እንዳልሆነ ለመማር ለእኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሐጂ ኡመር በየሰኔው አንድ ጥያቄ ነበረው። «ግንቡስ?»

ግንቡ ማለት በበጀቱ ረቂቅ አርእስት አሥራ ሰባት የተባለው መስመር ነው። በረቂቁ «በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ ለጎርፍ መከላከያ የድንጋይ ግንብ ማሠሪያ» ተብሎ ተጽፏል። ደቻቱ በዓመት ከጥቂት ቀናት በቀር ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ይታሠርበታል፣ ዕቃ ይሸጥበታል። ውሃው የሚመጣው ከሐረር ተራራ ነው፤ በመጣ ቁጥር ከመጋላ በኩል ያለውን ዳርቻ እየቆረሰ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመቴ ከሐጂ ኡመር የጓሮ ግድግዳ እስከ ገደሉ አፍ ዐሥራ አንድ እርምጃ ነበር። ይህን የማውቀው እርሱ ራሱ እየቆጠረ ስላሳየኝ ነው።

«ተመድቧል፣ ሐጂ» ይሉታል ባላምባራስ። እውነት ነው፤ ተመድቧል። እኔው ነኝ ያነበብሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አርእስት አሥራ ሰባት ሁልጊዜ የሚደርሰው ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ነው። ንባቡ በአራት ሰዓት ይጀመራል፤ የደሞዝና የጽሕፈት መሣሪያ ዝርዝር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ትኩስ ጫት ከአወዳይ ይገባል። ከዚያ በኋላ የጉባኤው ግማሽ በወንበሩ ላይ የለም፤ በድኑ ብቻ ነው ያለው። አንዱ አባል ለአብዲ «ለመሪጌታ ንገረው፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቶሎ ይበል» ይለዋል። አብዲም «ቅጠሉ ይጠወልጋል ይላሉ» ብሎ ሁሉም እየሰማ ይተረጉምልኛል። ሣቅ ይሆናል። አርእስት አሥራ ሰባት በዚያ ሣቅ ውስጥ ያልፋል። የአርእስቶቹን ቅደም ተከተል የሚያወጡት ባላምባራስ ነበሩ።

በአራተኛው ሰኔዬ ታይፕ መቺያችን ወባ ያዘው። ረቂቁን በእጄ እንድገለብጥ ታዘዝሁ። እኔ መጽሐፍ ስገለብጥ አንድ ቅጂ ብቻ ይዤ አልሠራም፤ የቆየውን ከአዲሱ አጠገብ ዘርግቼ አስተያያለሁ፤ የተማርሁት እንዲያ ነው። ስለዚህ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ረቂቆች ከመዝገብ ቤት አወጣሁና ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው።

የአርእስት አሥራ ሰባት ቁጥር በአራቱም ወረቀት እስከ ሳንቲሙ አንድ ነበር።

ድንጋይ በየዓመቱ ዋጋው ይለያያል። የኖራ ዋጋ ይለያያል። የወዛደር ቀን ዋጋ ይለያያል። የተሠራ ሥራ ቁጥር እንዲህ አይመሳሰልም። ከወንበሬ ተነሥቼ የክፍሉን ርዝመት ስመላለስ ቆየሁ፤ ከዚያ የወጪ ዶሴውን አመጣሁ። በሦስቱም ዓመት፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ አንዳንድ ገጽ የማዛወሪያ ደብዳቤ ተያይዟል። ከአርእስት አሥራ ሰባት ወደ አርእስት አራት። አርእስት አራት «የእንግዳ አቀባበልና የከተማ ማሳመሪያ» ነው።

ወደ ባላምባራስ ገባሁ።

«ባላምባራስ፣ የአርእስት አሥራ ሰባት ገንዘብ ሦስት ዓመት ተፈቅዶ ሦስት ዓመት ተዛውሯል» አልኋቸው።

«በሕግ ነው የተዛወረው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማዬም አለበት።»

«አይቻለሁ። ጉባኤው ግን አልሰማም።»

«ሕጉ ማዛወር ትችላለህ ይላል እንጂ አዛውረህ ንገር አይልም።» ብርዓቸውን አስቀመጡ። «ስማ መሪጌታ። ከአዲስ አበባ ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር መንገዱ ይጠረግ፣ አጥሩ ይቀባ፣ አዳራሹ ይነጠፍ ይሉኛል። ገንዘቡን ግን አብረው አይልኩም። ከየት ላምጣ? ኖራ የተቀባ አጥር ሰው ሁሉ ያየዋል። የወንዝ ዳር ግንብን ማን ያየዋል?»

«ጎርፍ ያየዋል» አልሁ።

ፈገግ አሉ። «ለመሆኑ አንተ አንባቢ ነህ ወይስ መርማሪ?»

«አንባቢ ነኝ።»

«ደሞዝህን ማን ይፈርማል?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው አንብብ።»

ባላምባራስ ሌባ አልነበሩም። አንድ ሳንቲም ወደ ኪሳቸው እንዳልገባ በእግዚአብሔር ፊት እመሰክራለሁ። ነገሩን ለእኔ ከባድ ያደረገውም ይህ ነው። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ዐውቅ ነበር።

ያደረግሁትን ልናገር። በተማሪ ቤት የኔታ ያስተማሩን ሥርዓት ነበረ። በምትገለብጠው መጽሐፍ ላይ ስሕተት ብታገኝ ንባቡን አትነካም፤ መምህሩ በተቀመጠበት ጉባኤም ድምፅህን አታነሣም። በኅዳጉ፣ በገጹ ባዶ ዳር ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ ያየኸውን ትጽፋለህ። ከአንተ በኋላ የሚመጣ አንባቢ ያገኘዋል። እኔም ለጉባኤው በሚቀርበው ቅጂ፣ ከአርእስት አሥራ ሰባት ትይዩ፣ በቀይ ቀለም፣ በግእዝ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «ዝ ነገር ተጽሕፈ ሥልሰ ወኢተገብረ»። ይህ ነገር ሦስት ጊዜ ተጻፈ፤ አልተደረገም። ከሥሩም የሦስቱን የማዛወሪያ ደብዳቤዎች ቁጥር አስቀመጥሁ።

እውነቱን ጽፌአለሁ፤ አለቃዬንም አልተዳፈርሁም። ሁለቱንም የጠበቅሁ መሰለኝ።

በንባቡ ቀን አርእስት አሥራ ሰባት በተለመደው ሰዓቱ ደረሰ። አነበብሁ። «አንድም» አላልሁም። አብዲ ተረጎመ። ሐጂ ኡመር «ግንቡስ?» አለ። ባላምባራስ «ተመድቧል» አሉ።

ሐጂ ኡመር ግን በዚያ ቀን ከእኔ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ማንበብ ባይችልም ዐይን አለው። ጣቱን በኅዳጉ ላይ አደረገ።

«ይኼ ቀይ ምንድን ነው?»

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ። አብዲም ዞረ።

«የጸሐፊ ምልክት ነው» አልሁ።

«እሺ» አለ ሐጂ ኡመር፤ ጣቱንም አነሣ። በጀቱ ተፈቀደ። ሁሉም ወደ ጫቱ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ አላርፍ አለ። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድም፤ አሸዋውን ተሻግሬ ወደ መጋላ እሄዳለሁ፤ ከሐጂ ኡመር ጓሮ እስከ ገደሉ አፍ እቆጥራለሁ። አምስት እርምጃ ሆኗል። ተመልሼ እመጣለሁ፤ ወረቀት እይዛለሁ፤ እተወዋለሁ። አንድ ጊዜ እናቱ ከጓሮ በር ሆነው አዩኝና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አብዲ አብሮኝ ነበርና ተረጎመው፦ «ይኼ ቄስ ምን ጠፍቶበት ነው በየቀኑ መሬት የሚያየው? ብላለች።»

«ምንም አልጠፋብኝም በላቸው» አልሁት።

«እሱንስ አላምንም» አለ አብዲ፤ ለእርሳቸው ምን እንዳላቸው ግን አላውቅም።

በሐምሌ መጨረሻ አራተኛው የማዛወሪያ ደብዳቤ ወጣ። ቁጥሩን በመዝገብ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ጎርፉ የመጣው በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ጾሜን ለመፍታት ወደ ቤት ስሄድ እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ወሰደኝ። በከተማው ላይ ፀሐይ ነበር። በሐረር ተራራ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። በአሸዋው ላይ ሰው እንደ ወትሮው ይሸጣል፤ ይገዛል። ከላይ በኩል ድምፅ ሰማሁ፤ ባቡር መሰለኝ፤ ያ ደግሞ የባቡር ሰዓት አልነበረም። ሰው ሁሉ ጨርቁን እየጣለ መሮጥ ጀመረ። አንድ ሰው በነጠላዬ ጎትቶ ወደ ዳር አወጣኝ። አብዲ ነበር።

ውሃው ቡናማ ነበር፤ ዛፍ ከነሥሩ ይዟል። በማዶ ዳርቻው በቁራጭ በቁራጭ ሲወድቅ ቆመን አየን። መጀመሪያ የጓሮ ግድግዳው ሄደ፤ ቀጥሎ የመደብሩ ጀርባ ተከፈተና ማሽላው ከነጆንያው ወረደ። ሐጂ ኡመርና ሦስት ጎረቤቶቹ የበር ሳንቃ ነቅለው እናቱን በላዩ አስተኝተው በፊት ለፊት በኩል ይዘዋቸው ሲወጡ አየን። እርሳቸው የሳንቃውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ሰማዩን ያዩ ነበር።

«አርባ እርምጃ ግንብ ነበር የሚያስፈልገው» አለ አብዲ።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ።

«ሰረቅህ?» አሉኝ።

«አልሰረቅሁም።»

«በሐሰት መሰከርህ?»

«አንድ ጊዜ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ በደል አለብኝ።»

«ምን አደረግህ?»

«ጻፍሁ።»

የጻፍሁትን፣ የት እንደጻፍሁት፣ በምን ቋንቋ እንደጻፍሁት ነገርኋቸው። «ማን እንዲያነበው?» አሉኝ።

በዚያ ጉባኤ ግእዝ የሚያነብብ እኔ ብቻ ነበርሁ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ስንት ስግደት እንደ ሆነ አልናገርም። «ከስግደቱ በፊት ግን ያነበብኸውን የሚሰማው ሰው ይስማው» አሉኝ።

በጳጉሜን ባላምባራስ አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ። በጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ተጨማሪ በጀት ነበር። ለወንዝ ዳር ግንብ ማሠሪያ ከከተማው ሱቆችና መደብሮች ሁሉ ልዩ መዋጮ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ከጎርፉ በኋላ ግንብ አያስፈልግም የሚል ሰው አልነበረም። ሐጂ ኡመር በሸሚዙ ላይ ጭቃ የደረቀበት ኮት ለብሶ መጥቷል፤ ሌላው ኮቱ በወንዙ ሄዷል። መዋጮው ከፈረሰው መደብሩም ይጠየቃል።

ባላምባራስ «አንብብ» አሉኝ።

አነበብሁ። አብዲ ተረጎመ። ከዚያ የሰኔውን ቅጂ ከእቅፌ አወጣሁና «ከዚህ ጋር የሚነበብ አንድ ነገር አለ» አልሁ።

«ያ የሚነበብ አይደለም» አሉ ባላምባራስ።

«በጉባኤው ቅጂ ላይ የተጻፈ ነው፣ ባላምባራስ። እኔ የጉባኤው አንባቢ ነኝ።» ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ኅዳጉን በግእዝ አነበብሁ፤ በአማርኛ ፈታሁት። የሦስቱን ደብዳቤዎች ቁጥር አነበብሁ፤ በሐምሌ የወጣውን አራተኛውን ጨመርሁበት። ገንዘቡ ከየት ወደ የት እንደ ሄደ፣ በአርእስት አራት ምን እንደተገዛበት፣ የቀለሙንና የምንጣፉን መስመር ሳይቀር አነበብሁ። አብዲ መተርጎሙን ትቶ አፉን ከፍቶ ያየኝ ነበር።

ቀድሞ የተናገረው ሐጂ ኡመር ነው።

«ቀዩ እሱ ነው?»

«እርሱ ነው።»

«በሰኔ ስጠይቅህ የጸሐፊ ምልክት ነው አልክ።»

«ብያለሁ።»

«ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር?»

«ዐውቅ ነበር።»

ሐጂ ኡመር ወደ አብዲ ዞረ። «ዋሪያ፣ ተርጉም እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?»

«ሐጂ፣ አንተ ሰምተሃል እኮ።»

«እኔ ሰማሁ። ሌላውም ይስማ። የሱንም የኔንም ተርጉም።»

አብዲ በሶማልኛ ተረጎመው፤ በኦሮምኛም ተረጎመው። ስለዚህ «ዐውቅ ነበር» ማለቴን በአንድ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጥሁ በሦስት ቋንቋ ሰማሁት። ጫት የገባበት ሰዓት ነበር፤ ማንም አልተነሣም።

ጉባኤው መዋጮውን አልፈቀደም። የተዛወረው ገንዘብ ከአርእስት አራት እንዲመለስ፣ ከእንግዲህም የአዲሱ ዓመት መስመር ከመነበቡ በፊት ያለፈው ዓመት መስመር ምን እንደ ሆነ እንዲነበብ በቃለ ጉባኤ አስመዘገበ። ሐጂ ኡመር አንድ ነገር አስጨመረ፤ የአንባቢውን ደሞዝ ከዚያ በኋላ ዋና ጸሐፊው ሳይሆን የጉባኤው ሰብሳቢ እንዲፈርም። «ይኼ ሕግ ለታመነ ሰው አይደለም» አለ፤ ወደ እኔ ሳያይ። «አለቃውን ለፈራ ሰው ነው።»

ባላምባራስ በጥቅምት ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። የማዛወሪያው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ነበረው፤ ፊርማቸውም ነበረበት። በሰብሳቢው ፊርማ ደሞዝ የበላው ከእኔ በኋላ የተቀጠረው አንባቢ ነው፤ ጎበዝ ሰው ነበረ፤ ከእኔ ይልቅ ድምፁ ጎላ ያለ። በዚያው ወር የሐጂ ኡመር እናት በዘመድ ቤት ዐረፉ። ሐጂ ኡመር ጎርፉ ገደላት አላለኝም፤ አልገደላትምም አላለኝም። ለቅሶ ሄድሁ፤ ቦታ ሰጠኝ፤ አላናገረኝም።

በመዝገብ ቤት ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። በየሰኔው ለአዲሱ አንባቢ አንድ ወረቀት አዘጋጅለት ነበር፤ በአንድ ወገን የተፈቀደው፣ በሌላው ወገን የተደረገው፣ ባልተደረገው አንጻር የደብዳቤው ቁጥር። ሁሉንም በአማርኛ፣ በጥቁር ቀለም፣ ፊደሉን አጉልቼ እጽፈው ነበር።

በኋላ፣ የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ በመጣ ጊዜ፣ ከአካባቢያችን የተመረጠ አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት ወደ መዝገብ ቤቱ መጣ። «የመንግሥት በጀት ለምክር ቤቱ ይቀርባል ይላሉ፤ ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ በእጁ ውፍረቱን አሳየኝ። «ከየት ልጀምር?»

«ከአምናው ጀምር» አልሁት። «ዘንድሮ የሚጠይቁህን ከማንበብህ በፊት አምና የፈቀዳችሁት የት እንደ ደረሰ ጠይቅ። በቁጥር ሳይለወጥ በየዓመቱ የሚመጣ መስመር ካየህ እዚያ ላይ ቁም። ለአንተ የሚያነብብልህ ሰው ደግሞ ደሞዙን ከማን እንደሚቀበል አስቀድመህ ዕወቅ።»

«ባይመልሱልኝስ?»

«እንዳልመለሱልህ ቆመህ ተናገር፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም ይጻፈው።»

የነገርሁትን ጻፈና ሄደ። ምን እንዳደረገበት አላውቅም።

ግንቡ ያለቀው ግን ከዚያ ምርጫ ቀደም ብሎ፣ ከጎርፉ በኋላ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዲ ወደ መዝገብ ቤቱ መጣና «ሐጂ ና ብሎሃል» አለኝ። አሸዋውን ተሻገርን። ሐጂ ኡመር ከአዲሱ ግንብ ላይ ቆሟል፤ መደብሩን መልሶ ሠርቷል፤ የእናቱ ክፍል በነበረበት ቦታ ግን ምንም አልሠራበትም።

«አጭር ነው» አለኝ፤ ሰላምታ የለም።

የሥራውን ውል ከመዝገብ ቤት አውጥቼ አንብቤው ነበር። የልኬት ገመድ በኪሴ ነበር፤ ያን ቀን ሳይሆን ከሳምንት በፊት መጥቼ ለክቼዋለሁ።

«ከውሉ በሁለት ክንድ ያንሳል» አልሁ ቀስ ብዬ፤ ሥራ ተቋራጩ በማዶ ቆሞ ነበርና።

ሐጂ ኡመር እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ። «አልሰማሁም።»

«ከውሉ በሁለት ክንድ ያንሳል!» አልሁ። ድንጋይ የሚጠርቡት ሁሉ ቀና አሉ። ተቋራጩም ዞረ።

«እንዲህ ነው» አለ ሐጂ ኡመር። ከዚያ በኋላ እጁን ዘርግቶ ሰላም አለኝ። በሚቀጥለው ወር ሁለቱ ክንድ ተጨመረ።

በዚህ ሥራ ላይ ላሉ የምነግረው ይህን ነው። የበጀት አንባቢ ያወቀውን በኅዳግ አይተወውም። ሰዎቹ በተቀመጡበት፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ ገንዘቡ ከመፈቀዱ በፊት ያነብበዋል።